«ሞዴሉ የታለ?»፦ ስለ ልጆቻችን የሳይንስ ዐውደ ርዕይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለጉድኝታችን ርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ ለወላጆች
ጉዳዩ፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ልጆች ይዤ ዐውደ ርዕይ ሳልሄድ የቀረሁት ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በተዘጉበት በ2012 ዓ.ም. ብቻ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። ይህንኑ ነገር በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬዋለሁ፤ በአስተያየት መስጫ ቅጽም ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አሁን በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የጽሕፈት ቤቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። የወላጆችም እጅ አለበት፤ የእኔም አለበት።

ባለፈው ግንቦት የሆነውን ልንገራችሁ።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። እናቷ እቤት እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅ ያስረክባሉ። ልጅቱ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ «ቲቸር፣ እማዬ ብርድ ሲሆን እንጀራው ዐይን ያጣል ትላለች፤ እውነት ነው?» አለችኝ። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ለአስተማሪ ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። «እንዴት ብለን እናጣራው?» አልኳት።

ከእናቷ ቡሃቃ የተቀዳው ሊጥ በሦስት እኩል ባልዲዎች ተከፈለ። አንዱ ባልዲ ማድቤት ከምድጃው አጠገብ፣ አንዱ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር፣ አንዱ ደጅ ከውሃ ሮቶው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጤፉ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ውሃው በአንድ ጣሳ የተለካ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱም በአንድ ምጣድ ላይ ተጋገሩ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እኔ አላስተማርኳትም። ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር በሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነች መስኮት ቆርጣ አወጣች፤ መስኮቷን በእንጀራው ላይ አስቀምጣ በውስጧ የሚታየውን ዐይን በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች። በአንድ እንጀራ ላይ አምስት ቦታ ቆጥራ አማካዩን ወሰደች። የምድጃው 58፣ የአልጋ ሥሩ 41፣ የደጁ 19።

ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። በሁለተኛው ዙር የአልጋ ሥሩ ሊጥ ከምድጃው በለጠባት። ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ወንድሜ ባልዲውን ፀሐይ ላይ አውጥቶት ነበር መሰለኝ። ግን አላየሁም። እንደገና መሞከር አለብኝ።» በዐውደ ርዕዩ ቀን አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ያህል ሥራ ተደርድሮ ነበር። «አላየሁም» የሚል ቃል የተጻፈበት ግን ሌላ አላገኘሁም።

ዳኞቹ ሦስት ሆነው መጡ።

«ሞዴሉ የታለ?» አሉ ፊተኛው።

«ሞዴል የለኝም፤ እንጀራ ነው ያለኝ።»

ሁለተኛው ዳኛ ቅጻቸው ላይ ምልክት አደረጉ። ሦስተኛው ከምድጃው እንጀራ ጥግ ቆረስ አድርገው ቀመሱና፣ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ኮምጧል» አሉ። ልጅቱ አፏን ከፍታ አየቻቸው። የተቆረሰው እኮ ለእንግዶች ቆጥራ ልታሳይበት በእስክሪብቶ ምልክት ያደረገችበት ጥግ ነበር። ከዚያ «ይህ ለማኅበረሰቡ የሚፈታው ችግር ምንድን ነው?» ተብላ ተጠየቀች። «እማዬ አሁን ማታ ማታ ሊጡን ማድቤት ታስገባዋለች» ብላ መመለስ ስትጀምር ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ደብተሩን የከፈተው አልነበረም።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። እንዲያውም እንጀራውን የቆረሱት ዳኛ በኋላ መጥተው «እንጀራው ለሽያጭ ነው?» ብለው በትሕትና ጠይቀውኛል። የያዙት ቅጽ ነው ደብተር የማያውቀው። ቅጹ ላይ የፈጠራው አዲስነት፣ የአሠራሩ ጥራትና ውበት፣ ችግር ፈቺነቱ፣ በእንግሊዝኛ የማስረዳት ችሎታ የሚሉ መስፈርቶች ተዘርዝረዋል። ልጁ ምን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደለካ፣ ስንት ጊዜ እንደደገመ፣ የጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

አንደኛ የወጣው ግድብ ነበር። ፏፏቴው የሚወርድ፣ የከተማው አምፖሎች ቦግ ቦግ የሚሉ፣ ተራራው በፎም ተቀርጾ አረንጓዴ የተቀባ፣ በእውነት ዐይን የሚማርክ ሥራ። ባለቤቱ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ «ውሃው አምፖሉን የሚያበራው እንዴት ነው?» አልኩት። ግራና ቀኝ አየና የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ፣ «አያበራውም ቲቸር። ባትሪው እዚህ ጋ ነው፤ ውሃውን የሚያዞረው ደግሞ ሌላ ሞተር ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ሐቀኛ ልጅ ነው፤ ወደድኩት። ዳኞቹ ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ለእነርሱም እንዲሁ ይነግራቸው ነበር።

ባነሩ ላይ «የሳይንስና የፈጠራ ሥራዎች ዐውደ ርዕይ» ተብሎ ይጻፋል። እንደ እኔ ግምት ችግሩ ያለው እዚያው ባነሩ ላይ ነው፤ ፈጠራው ሳይንሱን ዋጠው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አዲስ ማሽን እንዲሠራ፣ የማኅበረሰብ ችግር እንዲፈታ፣ ዓለም ያላየውን እንዲያመጣ ስንጠብቅ፣ ልጁ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ከአባቱ ኪስ መግዛት ወይም ከዩቲዩብ መቅዳት። ጥያቄ ጠይቆ መለካት ግን በእጁ ነው። ለዚያ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሚሰማው ሰውና ጊዜ ነው።

የቤቶቹን መንቀጥቀጥ የጠየቀውን ልጅ ላንሣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ እንደተሰማን ታስታውሳላችሁ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ማስተማር አልቻልኩም፤ ሁሉም የሚያወራው አለው። ከኮንዶሚኒየም የሚመጡት «አልጋው ተወዛወዘ፣ ቁምሳጥኑ ተንኳኳ» ይላሉ፤ ከግቢ ቤት የሚመጡት ደግሞ «ውሸታሞች» ይሏቸዋል። አንድ ልጅ ከሁለቱም ወገን አልቆመም። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያለውን የራሱን ሕንፃ በር በበር እያንኳኳ፣ «ተሰማችሁ? ምን አደረጋችሁ? ከዕቃችሁ የተወዛወዘ አለ?» እያለ መዘገበ። ከየፎቁ አራት አራት ቤት፣ በድምሩ ሃያ። ምድር ቤት «አዎ» ያለው አንድ ቤት ነው፤ አራተኛ ፎቅ አራቱም። አንዲት እናት «ሰክሬ መስሎኝ ነበር» ያሉትንም ሳይቀር ጽፎታል፤ አልሰረዝኩበትም። ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ያለ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ምድር ቤት ካለው ይልቅ እንደሚሰማው የታወቀ ነገር ነው። ልጁ ግን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ ነው ያገኘው።

ይህ ሥራ ከትምህርት ቤታችን አልወጣም። ከመላካችን በፊት ሥራዎቹን ለማጣራት የመጡት ሰው «ይህ መጠይቅ ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም» አሉን። ትክክል ናቸው፤ ፈጠራ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ሌላውን ብቻ ወቅሼ ብጨርስ ያቺ ልጅ ከጻፈችው ቃል ያነስኩ እሆናለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ሊያሳይ ፈለገ። ትምህርት ቤታችን ያለችውን አንዲት ቴርሞሜትር በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ተክዞ መጣ፤ «ከ92 አልወጣም አለኝ።» እኔ ምን አልኩ? «ቴርሞሜትሩ አርጅቷል፤ 100 ብለህ ጻፍ።» ጻፈ። ፖስተሩ ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ 100 ብሎ ጻፈና ሦስተኛ ወጣ፤ አጨበጨብንለት።

በዚያው ክረምት ድሬዳዋ እኅቴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ቀን ባቄላ ጥጄ እንደ አዲስ አበባው ተዝናንቼ ስመለስ እንክትክት ብሎ ጠበቀኝ። እኅቴ ሳቀችብኝ፤ «እዚህ እኮ ቶሎ ነው የሚበስለው» አለች። ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 100 የሚለው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው። በእኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ውሃው ይበልጥ ሞቆ ነው የሚፈላው፤ ባቄላው ቶሎ የበሰለው ለዚያ ነው። ይህን እኔ በኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ አልፌበታለሁ። ልጁ እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ግን አላወቅሁትም፤ ከልጁም ከመሣሪያውም ይልቅ መጽሐፉን አመንኩ።

ልጁ ወደ መካከለኛ ደረጃ ተዛውሮ ነበር። አፈላልጌ አገኘሁትና ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ አራት ጊዜ ነው የለካሁት ቲቸር» አለኝ።

ዳኞቹን «ደብተሩን ለምን አልከፈታችሁም?» ብዬ ስጠይቅ፣ ደብተሩን ከፍቼ የሰረዝኩት እኔ መሆኔን እያወቅሁ ነው።

ከአገራችን የሳይንስ ታሪክ ልጆቻችን ስሙን የሚያውቁት አንድ ሥራ ቢኖር የዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ግኝት ነው። እንዴት እንደተጀመረ ግን ብዙ ጊዜ ዘልለነው እንሄዳለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንዳሉ አስተዋሉ። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶዱን ሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ወንዙም እዚያው ነበር። አዲስ የነበረው «ለምን እዚህ ብቻ ሞቱ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የላቦራቶሪውና የዓመታት ክርክሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ። ያ ጥያቄ በእኛ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ «ሞዴሉ የታለ?» መባሉ አይቀርም ነበር።

ስለ ሞዴል ካነሣን፣ በትምህርት ቤታችን የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል መደርደሪያ ላይ አምስት እሳተ ገሞራዎች አሉ። ሁሉም ከዐውደ ርዕይ የተመለሱ ናቸው፤ አንዱ ጫፉ ላይ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። ኮምጣጤው ሶዳው ላይ ሲፈስ ቀይ አረፋ ይገነፍላል፤ ሕዝቡ «ዋው» ይላል። በዚህ መንገድ እሳተ ገሞራ የተማረ ልጅ ግን የለም። አረፋው አሲድና ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኤርታ አሌ ላይ የሚንተከተከው ደግሞ የቀለጠ ዐለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ያንኑ ኮምጣጤና ያንኑ ሶዳ ወስዳችሁ በጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ግጠሙበትና «ከሎሚና ከኮምጣጤ የትኛው ፊኛውን ይበልጥ ይነፋዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጪው ያው ነው። ልጁ ግን አሁን ፊኛውን በክር ይለካል፣ ይከራከራል፣ ይደግማል።

ወላጆችን በጣም መውቀስ አልፈልግም። ከዐውደ ርዕዩ በፊት ባለው ሳምንት ከምናለሽ ተራ ሞተርና ሽቦ ፈልገው፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ሙጫ ሲያቀልጡ አምሽተው፣ ጠዋት በታክሲ ጭነው ይዘውልኝ የሚመጡ አባቶች አውቃለሁ። ልጄ ከሰው እንዳያንስ ብለው ነው። አንዷ እናት «እሱ እኮ እንዳይነካው ነው ያልኩት፤ ይሰብረዋል» አሉኝ፤ በሙሉ ልባቸው። እንዲህ ያለውን ወላጅ የፈጠርነው በዚያ ቅጽ ነው። ለውበት ሠላሳ ነጥብ ሰጥተን ስናበቃ «ልጁ ራሱ ይሥራው» ብንል ማን ይሰማናል? የሚገዛው ዕቃ ከሁለት መቶ ብር እንዳይበልጥ የሚል አንድ መስመር ሕግ ቢወጣ ግማሹ ችግር ያን ቀን ይቃለላል። ከሶኬት በቀጥታ የሚነሣ ሽቦም በዚያው ይከልከል፤ አምና ያየሁት አንድ መጋጠሚያ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር፤ እስከ አሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ስለ ቋንቋው ትንሽ ልናገር፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም። ልጆቻችንን እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ሳይንስ የምናስተምራቸው በአማርኛ ነው። ዐውደ ርዕይ ሲደርስ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ እናሸመድዳቸዋለን። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይወጣዋል፤ መሐል ላይ አንድ ቃል ከጠፋው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዳኛው አንድ ጥያቄ ከጠየቁት ያልቅለታል። የእንጀራዋ ልጅ «ሊጡ ሲቦካ» ስላለች ነው በዚያ መስፈርት ከአሥር ሁለት ያገኘችው። መቡካት፣ ኩፍ ማለት፣ እርሾ፣ አብሲት፣ ጥንስስ፦ ለዚህ ጉዳይ ይህን ሁሉ ቃል ያዘጋጀ ቋንቋ እያለ፣ ልጅቱ ምን ጎደላት? የእንግሊዝኛ ችሎታዋን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንፈትናት።

ሰዓቱም አይመችም። የጥሪው ደብዳቤ የሚደርሰን ግንቦት ሲገባ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ስድስተኛ ክፍሎች ለከተማ አቀፉ ፈተና እየተዘጋጁ። ሊጥ ለመቡካት ብቻ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ መደገም ካለበት ዘጠኝ ቀን ነው። ባቄላ ዘርቶ ማሳደግ የፈለገ ልጅማ ገና ሲበቅልለት ዐውደ ርዕዩ ያልፋል። በሁለት ሳምንት ሊደርስ የሚችለው የተገዛ ነገር ብቻ ነው። ጥሪው በጥቅምት ቢመጣና ዐውደ ርዕዩ ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ በየካቲት ቢደረግ፣ ልጆቹ አራት ወር ያገኛሉ፤ ፈተናውም አይነካም።

በዕለቱም ልጆቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምረው ከጠረጴዛቸው ኋላ ይቆማሉ፤ የክብር እንግዶች አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ ንግግሩ አለ፣ ሪባኑ አለ፣ ፎቶው አለ። ለዳኝነት የሚተርፈው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሦስት ዳኞች አንድ ላይ ሆነው ስድሳ ሥራ ሲያዩ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚራመዱበት ጊዜ ሳይቀነስ። ስድስት ዳኞች ቢመጡና በጥንድ ቢከፈሉ ለአንድ ጥንድ ሃያ ሥራ ይደርሰዋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስድስት ደቂቃ ቢሰጡ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ስድስት ዳኛ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ሁሉም ባለ ዲግሪ መሆን የለባቸውም። ስለ ሊጥ ለሚጠይቅ ልጅ ከትምህርት ቤታችን የምገባ እናቶች የተሻለ ዳኛ እኔ አላውቅም፤ በቀን ለስንት መቶ ልጅ ነው የሚያቀርቡት። ስለ ኤሌክትሪክ ለሚጠይቅ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ይምጣ። አጠገባቸው አንድ የሳይንስ መምህር ይቁም፤ ይበቃል።

የቅጹን ነገር በደንብ አስቤበት አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤላችኋለሁ። ከመቶው ስድሳው የሚሰጠው ለደብተሩ ነው፦ ጥያቄው የልጁ ነው ወይ፣ ምን ለካ፣ ስንት ጊዜ ደገመ፣ ያልጠበቀው ነገር ሲያጋጥመው ምን ጻፈ። ሠላሳው ከልጁ ጋር ለሚደረገው ጭውውት፣ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ። የቀረው አሥር ለአቀራረቡ ይሁን፤ ለዐይን የሚያምር ነገር አልጠላም። ከአራተኛ ክፍል በታች ያሉትን ግን ባናወዳድራቸው ይሻላል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የቀንድ አውጣዋን ማሰሮ ይዛ ብትመጣ፣ ሰው ቆሞ ይያት፤ ቁጥር አያስፈልጋትም። ለተወዳደሩት ደግሞ ከሦስቱ አሸናፊዎች በቀር ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ባይመለሱ እወዳለሁ። ዋንጫ አላልኩም፤ ዳኛው በእጁ ሁለት መስመር ጽፎ «ይህን ደግሞ ብትሞክሪውስ?» ይበላቸው። ሃያ ብር አያወጣም።

ዘንድሮ ጥቅምት እየተጋመሰ ነው፤ ጥሪው አልመጣም። መጠበቅ ስላልቻልኩ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንድ የጫማ ካርቶን ቀዳድጄ አስቀመጥኩና «የማታውቁትን ጽፋችሁ አስገቡ» አልኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባ ሦስት ወረቀት ወጣ። አሥሩ ያህል ስለ እኔ ዕድሜ ነው፤ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ከቀሩት ውስጥ ጥቂቶቹን ልጻፍላችሁ። «እማዬ ሽንኩርት ስትቆርጥ አታለቅስም፤ እኔ አለቅሳለሁ። የእሷ ዐይን ለምዶ ነው ወይስ ቢላዋዋ ስለት ስላለው?» «ጠዋት የታክሲው መስታወት የሚያልበው ከውስጥ ነው ከውጭ? ሁለት ሰዎች ተጣልተውበታል።» «በረካ ከአቦል ስንት እጥፍ ይቀጥናል?» «ጥላዬ ባለፈው ሚያዝያ በምሳ ሰዓት ጠፍቶ ነበር፤ ታምሜ ነው?» ይህን የመጨረሻውን የጻፈችው የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አልነገርኳትም። የመጥረጊያ እንጨት ግቢው መሐል ተክለን ዓርብ ዓርብ ጥላዋን መለካት ጀምረናል።

የእንጀራዋ ልጅ አሁን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። የኅዳር ብርድ እስኪመጣ እየጠበቀች ነው፤ ለሦስተኛው ዙር። ታናሽ ወንድሟን «የባልዲ ጠባቂ» ብላ ሾማዋለች፤ ባልዲው ሲነካ ሰዓቱን የሚጽፍበት የራሱ ወረቀት አለው። እስካሁን መጻፍ የሚችለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይበቃዋል።

የክበባችን ሰዓት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ ማንም ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ሪባን አናዘጋጅም። እንጀራ ግን ይኖራል። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ቆጥራ መጨረሷን ጠይቋት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአካባቢ ሳይንስ መምህርት
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.